ልጃችሁ ሪሃብ ሲገባ፦ ከሰሜን ሸዋ ለመጣ አስታማሚ

ደብረ ብርሃን ልጅ ሆስፒታል ያስተኛ ሰው አስታማሚነት ምን እንደሆነ ያውቃል። ምግብ ከቤት በምሳ ዕቃ ይመጣል። ሌሊቱ ባና ተከናንቦ ወንበር ላይ ያልፋል። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ፣ ሁሉም የአስታማሚው ነው። አሜሪካ መጥታችሁ ልጃችሁ አንጎሉ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ "ሪሃብ ይገባል" ስትባሉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማጉረሱን ተዉት ትባላላችሁ።

እኔ ይህን ያየሁት በእህቴ ነው። በዲቪ በመጣች በአምስተኛ ወሯ የሰባት ዓመት ልጇን መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ ከኛው አገር ለመጡ ሰዎች በስልክ ስደጋግም የኖርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ሪሃብ፣ ማለትም ተኝቶ የሚወሰድ የተሃድሶ ሕክምና፣ ነፍስ የማዳኑ ሥራ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው። ልጁ ተርፏል፤ ግን መቀመጥ፣ መዋጥ፣ መናገር እንደ አዲስ ይማራል። የሚገቡት አደጋ የደረሰባቸው ብቻ አይደሉም። ስትሮክ የመታቸው አሉ (አዎ፣ ልጅንም ይመታል)፣ ማጅራት ገትር ያለፈባቸው፣ የአንጎል ዕጢ የወጣላቸው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ከሕፃንነት ጀምሮ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ኖሮባቸው ኦፕሬሽን የተደረጉ። ቦታው ብዙ ጊዜ ሌላ ሕንፃ፣ አንዳንዴም ሌላ ከተማ ነው። ለምሳሌ ባልቲሞር ያለው ኬኔዲ ክሪገር የተባለ የልጆች ሕክምና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። "አባረሩን" ብላችሁ እንዳትደነግጡ። ልጁ ለሥራ ደርሷል ማለት ነው።

ሥራ ያልኩት በምክንያት ነው። የተለመደው መጠን በቀን ሦስት ሰዓት ያህል ቴራፒ፣ በሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን ነው። ፕሮግራሙ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ! እህቴ የመጀመሪያውን ቀን "9 ሰዓት" የሚለውን አይታ ጠዋት ሻወር ልትወስድ ገባች። ስትወጣ አልጋው ባዶ ነው። ጩኸቷ ኮሪደሩን አናወጠው። ልጁ ጂም ውስጥ ኳስ ሲያባርር ተገኘ፣ ተቀምጦ በእጁ።

ስሞቹም ያደናግራሉ። ዋናው ሐኪም ፊዚያትሪስት ይባላል። ሳይካትሪስት አይደለም። ይህን ባለማወቅ "ልጄ አላበደም" ብሎ የተጣላ ሰው አውቃለሁ። ፊዚካል ቴራፒስት በመቀመጥ፣ በመቆምና በመራመድ ላይ ይሠራል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ሥራ አያስቀጥርም፤ ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጥርስ መቦረሽ ያስተምራል። ስፒች ቴራፒስት ደግሞ ንግግር ብቻ አይደለም፣ መዋጥም የእሷ ነው።

መዋጡ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንጎሉ የተጎዳ ልጅ ውሃን የመሰለ ስስ ነገር ሲጠጣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ሳያስለው ጭምር። ስለዚህ ፈሳሹ ለዚሁ በተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት ይወፍራል። እህቴ ከጻድቃኔ ማርያም በሃይላንድ የመጣ ጠበል ነበራት። ደብቃ በማንኪያ ልትሰጠው ስትል ደረስኩ። ተጨቃጨቅን። በኋላ በአስተርጓሚ ለስፒች ቴራፒስቷ ነገርናት። ሴትዮዋ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ስንት ማንኪያ ነው የሚያስፈልገው?" አለች። ዱቄቱን ጨምራ እንደ ወፍራም አጥሚት አማሰለችው፣ ልጁን ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፣ እህቴ በእጇ ሰጠችው። በሶ ብጥብጥ ይዛ የመጣች ጎረቤትም ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ነርሷን መጠየቅ ለመደች። መደበቅ ነው አደጋው።

ስለ አስተርጓሚ ደግሞ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። በአካል፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ ሊሆን ይችላል። "አማሪክ ኢንተርፕሬተር ፕሊስ" ማለት ይበቃል። ኦሮምኛ የሚቀላችሁ ኦሮምኛ ጠይቁ። መጀመሪያ የገባንበት ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅርና፣ የአክስታችንን ልጅ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስተርጉሚ አሏት። "አንጎሉ ደምቷል" የሚለውን ለእህቴ መንገር አቅቷት ቆማ አለቀሰች። ያኔ እንቢ ማለት እንደምንችል አናውቅም ነበር።

አስተርጓሚም ይዛችሁ አንድ ወጥመድ አለ። ዶክተሩ "ሌሊቱ እንዴት ነበር?" ሲል እኛ ምን እንላለን? "እግዚአብሔር ይመስገን።" አስተርጓሚው "ደህና ነበር" ይላል። እሱም ይጻፋል። ልጁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንፈራገጥ አድሯል። ምስጋናውን አስቀድሙ፣ ግን እዚያ አታቁሙ። ስንቴ እንደነቃ፣ የቱ ጋ እንዳመመው ተናገሩ።

ቡድኑ በየሳምንቱ ይሰበሰባል። የልጁ ለውጥ ይለካል፣ ኢንሹራንሱም በአብዛኛው ያንን እያየ ነው ቀን የሚጨምረው። የሚወጣበት ቀን ገና ከመጀመሪያው ይገመታል። እህቴ "ሳይድን ሊያስወጡት" ብላ ከፋት። እውነቱን ለመናገር እኔንም ከፍቶኝ ነበር። ግን እዚያ የሚቆየው እስኪድን አይደለም። እቤት በደህና መኖር እስኪችልና እናንተ እስክትሠለጥኑ ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር፣ መድኃኒት መስጠት፣ የሚጥል በሽታ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉን በእጃችሁ እየሠራችሁ ታሳያላችሁ።

በጣም የሚከብደው ግን አለመርዳት ነው። ልጁ እርጎ ለመብላት ማንኪያውን ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግማሹ ደረቱ ላይ ይፈሳል። እህቴ እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችበት፣ እንዳታጎርሰው። ማታ ማታ እግሩ ላይ የሚታሰረውን ፕላስቲክ ድጋፍ ግን አንጀቷ አልችል ብሎ ሁለት ሌሊት ፈታችለት። ተረከዙ ላይ ያለው ጅማት እንዳያጥር እንደሚታሰር የገባት ቴራፒስቷ እግሩን ይዛ ካሳየቻት በኋላ ነው። ካለቀሰ፣ ከቀላ ወይም ከላጠው ለነርሷ ንገሩ እንጂ አትፍቱ።

ጠያቂም ይመጠን። በኛ ደንብ አሥራ አምስት ሰው ድስት ይዞ ይመጣል፤ ደስ ይላል። የተጎዳ አንጎል ግን ጫጫታ ቶሎ ያደክመዋል። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ሌላው ታች ይጠብቅ። ልጁ ቢሳደብ፣ ቢማታ አትፈሩ። ከአንጎል ጉዳት በኋላ የሚታይ ነገር ነው፣ ያሳደጋችሁበት ጉድለት አይደለም።

የኢንሹራንሱንና የሌላውን ወረቀት ሶሻል ወርከሯ (የሆስፒታሉ ማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) ላይ ጣሉት። ግሪን ካርድ ያላቸው ብዙ አዋቂዎች ለሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት ለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ አምስት ዓመት ይጠብቃሉ፤ ብዙ ስቴቶች ግን ልጆችን ሳያስጠብቁ ይቀበላሉ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ሮናልድ ማክዶናልድ ሃውስ ጠይቁ። በርገር ቤት አይደለም፤ ሆስፒታል አጠገብ ለቤተሰብ የሚሆን ማረፊያ ነው። ሥራን በተመለከተ፣ የ12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የሚሰጠው ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ቀጣሪ ዘንድ 12 ወርና 1,250 ሰዓት ለሠራ ሰው ነው። አዲስ መጤ አያገኘውም። ቢሆንም አለቃችሁን አነጋግሩ፤ እህቴ የሌሊት ፈረቃ ተሰጥቷታል።

ከመውጣቱ በፊት የቤታችሁን ደረጃ ቁጠሩ፣ የበሮቹን ስፋት ለኩ። ዊልቸር 32 ኢንች ያህል ክፍት ይፈልጋል። የትምህርቱንም ነገር እዚያው ሳላችሁ አንሱ። ከ3 እስከ 21 ዓመት ላለ ልጅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። ድጋፉ የሚጻፍበት የልጁ ዕቅድ አይ ኢ ፒ ይባላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ስጡ፣ ኮፒ ያዙ።

መሐል ሜዳ ያለችው እናቴ በየቀኑ ትደውል ነበር። "ልጁ ዳነ?" አዎም አይደለምም የማይባል ነገር ነው። እህቴ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ በኋላ በቀን አንድ ነገር ብቻ መንገር ጀመረች።

"እማዬ፣ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ።"

"ስንቱን?"

"ሁለቱን።"

"ስንት ነው ያለው?"

"ስድስት።"

በማግስቱ ስትደውል ስለ መዳን አልጠየቀችም። "ሦስተኛውስ?" አለች።