የብር፣ የዶላርና የዩሮ ምልክት በኮምፒዩተር ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎችና አስጎብኚዎች የዋጋ ዝርዝራቸውን በብር፣ በ$ እና በ€ አዘጋጅተው ለደንበኛ ይልካሉ። ላኪው ጋ ደህና የነበረው ምልክት ተቀባዩ ጋ ተበላሽቶ የሚደርስባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው።

ባዶ ሳጥንንና «???»ን እንደ አንድ ችግር ማየት

ብዙ ሥራ የሚያበላሸው ይህ ነው። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው፤ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ዝርዝር $ 36፣ £ 163፣ € 8364 ነው። ቅርጹን የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ባዶ ሳጥን ከታየ ቁጥሩ በቦታው አለ፣ የጎደለው ቅርጹ ነው፤ ለአማርኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን ፎንት ቢጭኑ ይስተካከላል። ፋይሉ ውስጥ «???» ከተቀመጠ ግን ጽሑፉ ፊደሉን በማያውቅ ኢንኮዲንግ (ቁጥሮቹ ፋይል ውስጥ በሚጻፉበት ዘዴ) ሴቭ ተደርጓል ማለት ነው፤ ዋናው ቁጥር ጠፍቶ የጥያቄ ምልክቱ ቁጥር 63 ተተክቷል። ፎንት ቢቀያይሩ አይመለስም፤ ከዋናው ቅጂ እንደገና ማውጣት ብቻ ነው።

በ€ ቦታ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ከመጡ ደግሞ ምንም አልጠፋም። € ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ ሦስት ባይት ነው፦ 226፣ 130፣ 172። ዊንዶውስ-1252 በተባለው የድሮ ኢንኮዲንግ የሚያነብ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ ያሳያል። ሴቭ ሳያደርጉ ዘግተው፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ብለው ይክፈቱት። በዚያው ሴቭ ካደረጉት ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል።

የሲኤስቪ ፋይልን በደብል ክሊክ መክፈት

ኤክሴል የኢንኮዲንግ መለያ የሌለውን ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ብዙ ጊዜ በድሮው ኢንኮዲንግ ያነበዋል። በዳታ ትር ገብተው «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» ይምረጡ፤ ፋይል ኦሪጅን ላይ 65001 (ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8) ያድርጉ። ሲያስቀምጡም «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ።

ገንዘቡንና ምልክቱን አንድ ሴል ውስጥ መጻፍ

«1,500 ብር» ብለው ከጻፉ ኤክሴል ሴሉን እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ የድምር ፎርሙላውም ምንም ሳያስጠነቅቅ ይዘለዋል። የሦስት ሌሊት ሂሳብ የሁለት ሆኖ ደንበኛ እጅ ሊገባ ይችላል። ሴሉ ውስጥ 1500 ብቻ ይጻፉ፤ ከዚያ ፎርማት ሴልስ፣ ከስተም ገብተው ይህን ያስገቡ፦ #,##0.00" ብር"። ቃሉ ይታያል፣ ቁጥሩም ቁጥር ሆኖ ይቀራል።

ለብር የራሱ ምልክት መፈለግ

ብር በዩኒኮድ እንደ € ለብቻው የተሰጠው ምልክት የለውም። አንድ ፎንት ውስጥ ብቻ ያለ በእጅ የተሠራ ምልክት ከተጠቀሙ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ አይታይም። «ብር» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፦ ብ 4709፣ ር 4653። በዩቲኤፍ-8 ሁለቱ ፊደላት 6 ባይት ስለሚይዙ ዳታቤዝ የሚሠራ ሰው የቦታውን መጠን በባይት ከወሰነ 2 ሳይሆን 6 ብሎ ይያዝ። ከውጭ ባንክ ጋር ሲጻጻፉ በዓለም አቀፉ መለያ፣ ኢቲቢ (ETB) በሚለው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ በላቲን ይጻፉ። $ም ብቻውን አይበቃም፤ የካናዳና የአውስትራሊያ ዶላርም የሚጻፈው በዚሁ ነው።

በእንግሊዝኛ ኤስኤምኤስ ውስጥ «ብር»ን መደባለቅ

እንግሊዝኛ ብቻ የሆነ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ሲገባበት ሙሉው መልእክት ወደ 70 ይወርዳል። ስለዚህ መልእክቱ ለሁለት ሊከፈል ስለሚችል ለብዙ ሰው በአንዴ ሲልኩ ሂሳቡ በእጥፍ ሊቆጠር ይችላል። € መደበኛው የኤስኤምኤስ ሠንጠረዥ ውስጥ ስላለ ይህን አያመጣም፤ የሁለት ፊደል ቦታ ብቻ ይወስዳል።