ወ/ሮ፣ ጽ/ቤት፣ ደ/45/16... ሪቨርስ ፕሮክሲ ላይ %2ኤፍ ሲያስቸግራችሁ

ሰላም ጀምዓ፣ በጦሳ ብርድ ጋቢ ለብሼ ሁለት ሌሊት የታገልኩትን ነገር ዛሬ ጀባ ልበላችሁ። እዚሁ ደሴ ለአንድ መስሪያ ቤት የደብዳቤ መፈለጊያ ሰርቼ ላፕቶፔ ላይ አሪፍ ሲሰራ ነበር፣ ሰርቨር ላይ ኤንጂንኤክስን (ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ ማለት ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ አፑ የሚያሳልፍ ሰርቨር) ከፊቱ ሳቆምለት ግን ግማሹ ደብዳቤ 404 (አልተገኘም) ማለት ጀመረ። ዳታቤዙን ጠረጠርኩ፣ ሁለቴ ባክአፕ መለስኩ፣ ወላ ሀንቲ። ኋላ ሳስተውል እምቢ ያሉት በሙሉ ቁጥራቸው ላይ ስላሽ ያለባቸው ናቸው፣ ደ/45/16 አይነት፣ በሰረዝ የተመዘገቡት የድሮዎቹ ግን ይከፍታሉ። እኛ ደግሞ ስላሽ የማንከትበት የለም እኮ፣ ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩአርኤል ውስጥ ስላሽ መንገድ መለያ ስለሆነ የዳታ የሆነውን ስላሽ %2ኤፍ አርገን፣ ማለት አስረን (ኢንኮድ አርገን) እንልካለን። ፊደሎቻችንም በዚሁ መልክ ነው የሚሄዱት፣ አንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይረው ስርዓት) 3 ባይት ስለሆነ 9 ካራክተር ይወጣዋል፣ "ደሴ" ብቻ 18። እሱ ለአይን ያስጠላል እንጂ ችግር የለውም፣ ፕሮክሲው ፈቶ (ዲኮድ አርጎ) መልሶ ቢያስረው ያው ነው። %2ኤፍ ግን አንዴ ከተፈታ አለቀ፣ የትኛው ስላሽ የመንገድ የትኛው የደብዳቤው እንደነበር ማንም አያውቅም።

ኤንጂንኤክስ ላይ ጥፋቱ ያለው ጥያቄው ወዴት እንደሚያልፍ የሚነግረው ፕሮክሲ_ፓስ የሚለው መስመር ላይ ነው። 127.0.0.1:8080/ (የአፑ አድራሻና ፖርት) ብላችሁ ከፖርቱ ኋላ አንዲት ስላሽ እንኳ ከጨመራችሁ የተፈታውን አድራሻ ነው ወደ አፑ የሚያሳልፈው። ስላሿን አጥፉና በ127.0.0.1:8080 ጨርሱት፣ ያኔ ብራውዘሩ እንደላከው ሳይነካ ያልፋል። እኔን ሁለት ሌሊት የበላችኝ እቺው አንድ ስላሽ ናት 😅 እዛው ብሎክ ውስጥ ሪራይት (አድራሻ የሚቀይር መስመር) ካለም ያው ችግር ይመለሳል፣ ስለዚ መነሻውን (/ኤፒአይ/ ምናምን) ፕሮክሲው ላይ ከምትቆርጡት አፑ ራሱ እንዲያውቀው አርጉ።

አፓቼ ለምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱ ከነጭራሹ አፑ ጋ ሳይደርስ 404 ይላል። አሎውኤንኮድድስላሽስ የሚለውን ኖዲኮድ አርጉት፣ ፕሮክሲፓሱ መጨረሻ ላይ ኖካነን ጨምሩ፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያውን እዛው ቨርቹዋል ሆስቱ (የሳይቱ ማስተካከያ ክፍል) ውስጥ ጻፉት፣ የቆዩት የአፓቼ ስሪቶች ላይ ከዋናው ፋይል አይወርስም። ከኋላ ቶምካት (የጃቫ አፕ ሰርቨር) ካለ ደግሞ እሱም በራሱ 400 (የተበላሸ ጥያቄ) ብሎ ይመልሳል፣ እዛም ማስተካከል አለባችሁ።

ሎጉ ላይ %252ኤፍ ካያችሁ የሆነ ቦታ ሁለቴ ታስሯል ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው ሆን ብሎ ሁለቴ እያሰረ ያልፈዋል፣ ባታደርጉት ይሻላል፣ ነገ ፕሮክሲው ሲቀየር እንደገና ለቅሶ ነው።

የቱ ጋ እንደሚበላሽ ለማወቅ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታችሁ በከርል (ከተርሚናል ዩአርኤል መጠየቂያ) መጀመሪያ 8080ን በቀጥታ ጠይቁ፣ ከዛ በፕሮክሲው በኩል፣ የአፑን ሎግ አስተያዩ። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኤንጂንኤክስ ሎኬሽን (የትኛው ብሎክ እንደሚሰራ) የሚመርጠው በተፈታው አድራሻ ነው፣ አፑ የሚያየው ግን ያልተፈታውን፣ ስለዚ ክልከላ ፕሮክሲው ላይ ብቻ አድርጋችሁ አትተኙ፣ አፑም ይፈትሽ።

እኔ ግን አዲስ ነገር ስሰራ የደብዳቤ ቁጥሩን መንገዱ ውስጥ አልከተውም፣ ከጥያቄ ምልክቱ ኋላ ነው የማረገው። ኤንጂንኤክስ እዛ ያለውን አይነካውም፣ ስላሽም እዛ ምንም አይልም፣ & እና + ካሉበት ብቻ ማሰር አትርሱ።