ሀዋሳ ቤት ላላችሁ፦ ፋይላችሁ የት ነው ያለው?

የምኖረው ሀዋሳ ነው። ታላቅ እህቴ ከሀገር ከወጣች ብዙ ዓመት ሆናት። እዚህ ያለውን ጉዳይዋን የምጨርሰው እኔ ነኝ። ከእሷ በኋላ የአጎቴ ልጅ ተጨመረ፤ ከዚያ የጓደኛዬ ወንድም። አሁን ቁም ሳጥኔ ላይ አራት ፎልደር ተደርድሯል። ቤት ውስጥ "ጉዳይ አስፈጻሚው" እያሉ ያሾፉብኛል።

ውጭ ያለ ሰው መሥሪያ ቤቱ ትቶት በሄደበት ቦታ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ይመስለዋል። "ክልል ቢሮ ሂድልኝ፣ ሁሉም እዚያ አለ" ይለኛል። የትኛው ክልል?

የአባታችንን ቤት ፎልደር ልንገራችሁ። የድሮዎቹ ወረቀቶች ማኅተም "ሲዳሞ ክፍለ ሀገር" ይላል፤ ከተማዋም "አዋሳ" ናት። መሀል ላይ ያሉት ደቡብ ክልል የሚል ማኅተም አለባቸው። የቅርቦቹ የሲዳማ ክልል ናቸው፤ ከተማዋ "ሀዋሳ" ተብላለች። ቤቱ ያው ነው። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ እንኳ አልተቆረጠም። ቢሮው መስኮት ላይ የምታስተናግደው ልጅ ግን ሦስቱም ወረቀት ስለ አንድ ቤት እንደሚያወራ አሳየኝ ትላለች። አልፈርድባትም፤ ግማሹ ወረቀት እሷ ሳትወለድ የተጻፈ ነው።

ለውጡን በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ ሰኔ 2012 ላይ ሲዳማ ክልል ሆነ። ለጥቂት ዓመታት ሀዋሳ የሁለት ክልል መቀመጫ ሆና ቆየች። ነሐሴ 2015 ላይ የቀረው ደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አዲሶቹ ክልሎች ቢሮዎቻቸውን በየከተማው አከፋፈሉ፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕና፣ ወልቂጤ። ሀዋሳ የነበረው ቢሮ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ፋይሉም አብሮ ሄደ።

የጓደኛዬ ወንድም ከመሄዱ በፊት አንድ የክልል ቢሮ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ፈለገ። እኔም ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ሕንፃው አለ፤ በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ጥበቃው ሳቀብኝና "እነሱማ ከሄዱ ቆዩ" አለኝ። ደብዳቤው የተገኘው ሌላ ከተማ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ። ስለዚህ ሰው ከመላካችሁ በፊት በስልክ አንድ ጥያቄ ብቻ አስጠይቁ፦ ይህን ፋይል የተረከበው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? መልሱን ሳታገኙ ለማንም የትራንስፖርት ብር አትላኩ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጓል። ውጭ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች "የእኛ ቤት" የሚሉት አሁንም የቀበሌ ቤት ነው። እናት ኪራይ ስትከፍልበት ኖራለች፤ ልጆቹ ግን አያውቁም። ፎቅ ልትሠሩ ከማሰባችሁ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ መኖሩን ጠይቁ። ሲኖርም መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ የሆነው በላዩ ያለው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው።

አሁን ወደ ውክልና። ብዙ ሰው ጊዜና ገንዘብ የሚያቃጥለው እዚህ ላይ ነው።

እህቴ መጀመሪያ የላከችልኝ ውክልና "ማንኛውንም ጉዳይ በእኔ ምትክ እንዲሠራ" የሚል ነበር። ሰፊ ስለሆነ ደስ አለን። አንድ ትንሽ ቤት ልሸጥላት ስሄድ ግን አይሆንም ተባልኩ። ልክ ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 እንደሚለው ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው ማስተዳደርን ብቻ ነው። ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል ይቻላል። ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሥልጣን በስሙ ይጻፍ። ክፍለ ከተማው፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ፣ የካርታ ቁጥሩ ይግባ። በሌላ በኩል ደግሞ ኪራይ ብቻ ለሚሰበስብ ሰው "መሸጥ መለወጥ" የሚል ቃል አትስጡ። ወንድማችሁም ቢሆን። ወንድማችሁን ስለማምነው ነው የምለው፤ ሥልጣኑ እጁ ላይ ከሌለ ማንም መጥቶ አይጨቀጭቀውም።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። እህቴ ስታገባ ፓስፖርቷ ላይ የባሏ ስም ገባ። ካርታው ላይ ያለችው የአባቷ ልጅ ናት፤ ውክልናው ላይ ያለችው የባሏ። የቢሮው ሰውዬ ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና "እቺ ሴትዮ ማናት?" አለኝ። እህቴ ናት አልኩት። "እሱን አንተ ታውቃለህ፤ እኔ በወረቀት ነው የማውቀው።" ለአንድ ስም ሁለት ወር ሄደ። ስለዚህ ውክልናው ሲጻፍ የድሮውም የአሁኑም ስም ጎን ለጎን ይግባ፤ የስም ለውጡን ማስረጃም አያይዙ። የአያት ስም ፓስፖርታችሁ ላይ ከሌለ ያንንም አስጽፉ።

ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ካለፈ በኋላ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። እሱን ሳያስጨርሱ ሀዋሳ መምጣት ልፋት ነው። ወካይ ሲሞት ደግሞ ውክልናው አብሮ ያበቃል። እናት ካረፉ በኋላ በእሳቸው ውክልና ቤት ሊሸጥ የሄደ ሰው አውቃለሁ። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ የወራሽነት ማስረጃ ማውጣት ነበረበት።

ቋንቋም ተቀይሯል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ከተማው ውስጥ አሁንም ብዙ ነገር በአማርኛ ያልቃል። የክልል ደብዳቤ ይዛችሁ አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ግን ትርጉም ሊያስፈልግ ይችላል። ሰፈራችን ውስጥ ይህን የሚያማርር አለ። እኔ በበኩሌ ጎረቤቶቼ በገዛ ቋንቋቸው አቤት ሲሉ ማየት ደስ ይለኛል። የእናንተ ሥራ አንድ ቀን ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ዶላሩ ሲጨምር ሲሚንቶና ብረትም ዋጋቸውን አይተው ነው የሚጠብቋችሁ። "ዱሮ በዚህ ብር ይጨረስ ነበር" እያላችሁ ፎርማኑን አትጨቅጭቁት። በባንክ ላኩ፣ ደረሰኙንም አስቀምጡ። ነገ ቤቱ በማን ገንዘብ ተሠራ የሚል ክርክር ቢነሳ ያ ደረሰኝ ብዙ ይናገራል።

የአጎቴ ልጅ ነገር ግን እስካሁን ያበሳጨኛል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ተመረቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከየገጠሩ መጡ። ክፍል ጠፋ። እሱም ብር ልኮ በመደዳ አሥር ክፍል አሠራ፤ እያንዳንዷ ውስጥ ሦስት አራት ልጆች ተጋርተው ገቡ። ሁለት ዓመት ጥሩ ሄደ። ከዚያ በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደው ሕግ ነው)፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ። ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ሲቀር ትዕዛዝ ቀነሰ፣ አንዳንድ ኩባንያም ወጣ። እኔ የማውቀው አሥሩን በር ነው። በአንድ ክረምት ስድስቱ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። አንዷ ልጅ ፍራሿን ባጃጅ ላይ አስራ ስትሄድ የወሩን ግማሽ እንድተውላት ለመነችኝ፤ ተውኩላት። ለኪራይ የምትሠሩ ከሆነ ተከራያችሁ ደመወዙን ከማን እንደሚያገኝ፣ ያ ሰው ደግሞ የማንን ገበያ እንደሚጠብቅ ጠይቁ። አሁን ክፍሎቹን ሁለት ሁለት እየቀላቀልን ለቤተሰብ እናከራያለን።

ራሳችሁ ልትመጡ ካሰባችሁ ቀኑን ምረጡ። ሐምሌ አዲስ የበጀት ዓመት ነው፤ ግብር ከፋዩ ሁሉ ወረፋ ላይ ነው። ክረምት ላይ ኃላፊው ወይ ሥልጠና ወይ ግምገማ አለበት። ሹም ሽር ከተደረገ ደግሞ አዲሱ ሰው ፋይሉን "ላጥናው" ብሎ ያስቀምጠዋል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ ቀኑ ኮከብ ቆጥረው በሚናገሩት ሽማግሌዎች፣ በአያንቶዎች፣ ስለሚነገር አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። በበዓሉ ቢሮ ዝግ ነው፤ እናንተም በዓሉ ወደሚከበርበት አደባባይ፣ ጉዱማሌ፣ ውጡና እዩ፤ በ2008 ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። የታኅሣሥ 19 ገብርኤል ሰሞን ከመጣችሁ ግን ቢሮውን ተዉት፤ አልጋ ራሱ አታገኙም።