የማይነበብ ፊደል፦ የኑብያን ቅርስ የተንተራሱ ሥዕሎችን ስንመለከት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋትሂ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ካይሮ ውስጥ ከኑብያውያን (በደቡብ ግብፅና በሰሜን ሱዳን በናይል ዳር ከሚኖረው ሕዝብ) ቤተሰብ ተወልዶ ኋላ ወደ ጣልያን የተሻገረ ሠዓሊ ነው። በሥራዎቹ ላይ ኩፊ የተባለውን ማዕዘናማ የጥንት ዐረብኛ አጻጻፍ የሚመስሉ ፊደላት ይታያሉ፤ ከፊታቸው የሚቆም ተመልካችም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ «ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ከስህተቶች ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ፊደላቱ ሆን ተብሎ እንዳይነበቡ ስለተሠሩ ዐረብኛ አጥርቶ የሚያነብ ሰው እንኳ ቃል አያወጣባቸውም። ኑብያዊ ልጅ በቤቱ ኖቢን ወይም ሌላ የኑብያ ቋንቋ እየሰማ ያድጋል፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን የሚጽፈው በዐረብኛ ነው። በእኔ አረዳድ የተሰባበሩት ፊደላት የሚያሳዩት በአፍና በእጅ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት ስለሆነ፣ ማንበብ የተሳነው ተመልካች የሚሰማው ግራ መጋባት ከሥዕሉ የተለየ ነገር አይደለም። አፍ የፈታንበትን ቋንቋ በገዛ ፊደሉ እየጻፍን ያደግን አንባቢዎች በዚህ ቦታ ቆም ማለት ይገባናል።

ሁለተኛው ስህተት በሥዕሎቹ ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ሁሉ «ጥንታዊ የኑብያ ምልክት» ብሎ መጥራት ነው። የጥንቱ የኩሽ መንግሥት ይጽፍባቸው የነበሩት የሜሮይቲክ ፊደላት ድምፅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢታወቅም ቋንቋው እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። በክርስትናው ዘመን የጥንት ኑብያ ቋንቋ የተጻፈበት ፊደል ደግሞ በአብዛኛው ከግሪክና ከቅብጥ የመጣ ሲሆን ጥቂት ምልክቶችን ከሜሮይቲክ ወርሷል። ዐረብኛ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ኑብያን የፈርዖኖች ግብፅ ጓሮ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ኖባድያ፣ ማኩርያና አሎድያ የሚባሉ የራሷ መንግሥታት ነበሯት፤ የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛናም በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ኖባን በስም ጠርቶ ስለ ዘመቻው ይናገራል።

በሸራ ላይ የተለጠፈውን ጨርቅ፣ ጭቃ ወይም ሳህን እንደ ተራ ጌጥ መቁጠር ግን ይበልጥ ያሳዝነኛል። ኑብያውያን የቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ በቅርጻ ቅርጽ ያስጌጡ፣ ሳህንም ይተክሉበት ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሥራ በ1960 ከተጀመረ በኋላ፣ በ1963 እና በ1964፣ ከግብፅ በኩል 50,000 ያህል ሰዎች ወደ ኮም ኦምቦ፣ ከሱዳን በኩልም የዚያኑ ያህል የዋዲ ሐልፋ አካባቢ ነዋሪዎች ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ተዛወሩ። ውኃው ሊውጠው ከነበረው ከሰሜን ሱዳኑ የፋራስ ካቴድራል ከ100 በላይ የግድግዳ ሥዕሎች ተነቅለው ለዋርሶና ለካርቱም ሙዚየሞች ሲተርፉ፣ እናቶች በእጃቸው ያስጌጧቸው ግድግዳዎች ግን ውኃ ውስጥ ቀሩ። በሸራ ላይ ያለች አንዲት ሳህን ይህን ሁሉ ልትሸከም ትችላለች።

የመጨረሻው ስህተት የሠሪዎች ነው፤ ፊደሉን ሳይማሩ ቅርጹን ብቻ መገልበጥ። ሱዳናዊው ሠዓሊ ኢብራሂም ኤል ሳላሂ ለንደን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ የዐረብኛን ፊደላት እየፈታ የሰውና የእንስሳ መልክ አወጣባቸው፤ ይህን ሲያደርግ ግን ፊደሉ ለእጁ እንግዳ አልነበረም። ኦምዱርማን ውስጥ አባቱ በሚያስተምሩበት የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ገና በልጅነቱ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ያደገ ነው።