ትልቅ ቁጥር ስትመረምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ጎበዞች ናቸው። ረዘም ያለ ቁጥር ሲያዩ ግን ይደነግጡና መገመት ይጀምራሉ። የቁጥር ጠባይ የሚታወቀው በብቸኛ (ፕራይም) አካፋዮቹ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ በማይካፈሉት፣ ነው፤ መልኩን አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

ዋናው ስህተት ቶሎ መፍረድ ነው። 1,000,001ን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ «ቲቸር፣ ፕራይም ነው!» የሚል አይጠፋም። ጎዶሎ ነው። የአሃዞቹ ድምር 2 ስለሆነ ለ3 አይካፈልም። ለ5፣ ለ7፣ ለ11ም እምቢ ይላል። እዚህ ላይ ያቆማሉ። አብሽሩ፣ ትንሽ ግፉበት! 101 ላይ ስትደርሱ ይፈታል፦ 101 × 9,901።

ሌላው ደግሞ እስከ ግማሹ፣ እስከ 500,000 ድረስ ካልሞከርኩ ይላል። ይህም ድካም ነው። እስከ ስኩዌር ሩቱ፣ እዚህ እስከ 1,000፣ መሞከር ይበቃል። ሁለቱም አካፋዮች ከ1,000 ቢበልጡ ብዜታቸው ቢያንስ 1,002,001 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከቁጥራችን ይበልጣል። ከ1,000 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 168 ብቻ ናቸው። 101 ከነሱ 26ኛው ነው።

«ለ4ም ለ6ም ከተካፈለ ለ24 ይካፈላል» የሚሉም አሉ። 1,000,020ን ሞክሩት፤ ለሁለቱም ይካፈላል፣ ለ24 ግን አይካፈልም። 4 እና 6 2ን ይጋራሉ። ለ24 በ3 እና በ8 ፈትኑ።

አካፋዮችን መቁጠር ላይ ብዙ ነጥብ ይባክናል። 360,360ን እንውሰድ። ከ1 እስከ 15 ላሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ቀሪ የሚካፈለው ትንሹ ቁጥር ነው፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሲተነተን 2³ × 3² × 5 × 7 × 11 × 13 ይሆናል። ልጆቹ አርቢዎቹን (ከላይ በትንሹ የተጻፉትን፤ ካልተጻፈ 1 ነው) ብቻ አባዝተው «6» ይላሉ። አንድ አካፋይ ግን 2ን ጭራሽ ላይዝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ሊይዝ ይችላል። ምርጫው አራት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ደምሩና አባዙ፦ 4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192።

በመጨረሻ፣ የስልክ ካልኩሌተርን እስከ መጨረሻዋ አሃዝ ማመን። ከኮምቦልቻ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ 2⁶⁴ን በስልኳ አስልታ ስክሪኑ ላይ የታዩትን ጥቂት አሃዞች ገለበጠች፤ የቀረውን በዜሮ ሞላችው። «በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ለስንት ይካፈላል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ለ5... ውይ! 2ን ብቻ እያባዛን 5 ከየት ይመጣል?» ብላ ራሷ ሰረዘችው። የ2 ርቢዎች መጨረሻ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያለ ይዞራል። 64 ለ4 ስለሚካፈል መጨረሻው 6 ነው። ሙሉ ቁጥሩም 18,446,744,073,709,551,616 ነው።