የኤሌክትሪክ መኪናችሁ እግር ሲንኳኳ፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ድምፁን አግኙት

የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልታለች። ከባለቤቶቹ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄም «ከታች ቋ ቋ ይላል፣ ምን ሆኖ ነው?» የሚል ነው። የሞተር ድምፅ ስለሌለ፣ በነዳጅ መኪና የማይሰማ ኳኳታ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ክብደቱም ቀላል አይደለም። የቮልስዋገን አይዲ 4 ባዶውን 2 ቶን ገደማ ይመዝናል። ኮብልስቶንና ጉብታ ላይ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ጎሚኒዎቹ (በእግሩ ብረቶች መካከል ያሉት ላስቲኮች) እና መገጣጠሚያዎቹ ናቸው።

ብዙ ሰው ድምፅ ሲሰማ ቀጥታ ሾክ አብዞርበር ያስቀይራል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ሾክ ውድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

መጀመሪያ ድምፁን ለዩት

የኋላ ዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርጉ። የቻርጀር ገመድና ክሪክ እየተንከባለሉ ስንቱን ሰው ጋራዥ አመላልሰዋል! ከዚያ ሬዲዮ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ኮብልስቶን ላይ በቀስታ ንዱ። ሌላ ሰው ቢነዳና እናንተ ብታዳምጡ ደግሞ የተሻለ ነው።

እየሄዳችሁ ፍሬን ያዝ አድርጉ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ የፍሬን ሸራው አካባቢ ነው። ፔዳሉን ግን ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡ። በስሱ ከነካችሁት መኪናው በሞተሩ ብቻ ፍጥነቱን ሊቀንስ ይችላል፤ ሸራው ዲስኩን ካልነካ ሙከራው አይሠራም።

በዝግታ ስትሄዱ ቶሎ ቶሎ ቋቋቋ የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት ከእግሩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ዘንግ) ነው። ጉብታ ላይ አንዴ «ዱብ» ካለ የክንዱን (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ብረት) ጎሚኒ ወይም የሾኩን የላይኛውን መቀመጫ ጠርጥሩ። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ የሚንቋቋም ያው መቀመጫ ወይም ቦል ጆይንት (ክብ ራስ ያለው መገጣጠሚያ) ነው። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ወይም ያለቀ ጎማ ነው። ሲጥ ሲጥ የሚለው የደረቀ ላስቲክ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ያላችሁ የቴስላ ሞዴል 3 ባለቤቶች ግን የፊቱን የላይኛውን ክንድ እዩ፤ ቦል ጆይንቱ ውስጥ ውኃ እየገባ ሲጥ ማለቱ የታወቀ ችግር ነው።

ከታች ስትገቡ

የመኪናው ወለል ባትሪ ነው። ክሪክ የሚገባው አምራቹ ምልክት ያደረገበት ቦታ ብቻ ነው፤ ባትሪው ላይ ፈጽሞ እንዳታሳርፉት። በክሪክ ብቻ ተማምናችሁም አትግቡ፣ በብረት መደገፊያ አስደግፉት። ብርቱካናማ ገመዶችን አትንኩ፣ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ናቸው።

ከሁሉ በፊት የታችኛውን የፕላስቲክ ሽፋን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉት። አንድ ማሰሪያ ወልቆ ከሆነ ጉዳዩ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

ሊንኩን ስትፈትሹ ሁለቱም የፊት ጎማዎች መሬት ላይ ይሁኑ። አንዱን ብቻ ካነሳችሁ ስታቢላይዘሩ ይወጠርና ክፍተቱን ይደብቀዋል። መሪውን ወደ አንድ ወገን አዙሩት፣ እጃችሁን ከጎማው ጀርባ አስገብታችሁ የሊንኩን ጫፍ በሁለት ጣት ያዙ። ሌላ ሰው መኪናውን ከጎን ይወዝውዘው። ሊንኩ ካለቀ ጆሯችሁ ባይሰማው እንኳ «ጠቅ» ማለቱ ጣታችሁ ላይ ይታወቃችኋል።

ቀጥሎ ጎማውን አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ። ያኔ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት ነው። ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተጫወተ ደግሞ የመሪ ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ) ነው። ቦል ጆይንት ወይም ቴስቲና ላልቶ ካገኛችሁ መኪናው ሳይሠራ አይነዳ። ሲወሰድም ሙሉ በሙሉ ተጭኖ እንጂ በጎማው እየተጎተተ አይሁን።

ለሲጥታው ጎሚኒዎቹ ላይ አንድ በአንድ ውኃ ርጩ። አንዱን ስታርሱ ድምፁ ከጠፋ አገኛችሁት ማለት ነው። ዘይት ወይም ግራሶ ግን አትቀቡ፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል።

ጥገናው

ሊንክ መቀየር በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። ሁለቱንም ወገን አንሱ፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽ አጽዱና የዝገት ማላቀቂያ ርጩ። ዳዶውን ስትፈቱ መሃሉ አብሮ እንዳይዞር በኤል ቁልፍ ያዙት። ግራና ቀኙን አብራችሁ ቀይሩ።

የክንድ ጎሚኒ ሲሆን ግን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ተከታተሉ። መካኒኩ መኪናው ተነስቶ እግሩ እንደተንጠለጠለ ቡሎኑን ካጠበቀው፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። የመጨረሻው ማጥበቅ ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ)፣ በአምራቹ ልክ መሆን አለበት። አዲስ ጎሚኒ አስገብቶ በጥቂት ወር የሚመለስ ሰው ሳይ በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ዕቃ ስትገዙ «ይገጥማል» ስለተባለ ብቻ አትውሰዱ። በቻሲ ቁጥር አሳዩ፤ በተለይ ሾክና ሞላ ለመኪናው ክብደት የተሠራ ይሁን። ክንድ ወይም ቴስቲና ከተቀየረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ። ከዚያ ድምፁን መጀመሪያ በሰማችሁበት መንገድ፣ በያኔው ፍጥነት ንዱት። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ የጎማ ቡሎኖቹን መጥበቃቸውን ደግማችሁ እዩ።