የራስን ጥርስና ድድ በመስታወት ፊት ለይቶ ማወቂያ መንገድ

አፍ ሲከፈት የሚታየው የጥርስ ክፍል፣ ማለትም አክሊሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥርሱ ጠቅላላ ርዝመት ግማሹን አያህልም። የቀረው ሥሩ ነው፤ እሱም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ተተክሎ ይኖራል። ስለዚህ በመስታወት ፊት የምንቆመው በሚታየው ተመርተን የማይታየውን ለመረዳት ነው። ለዚህም የእጅ መስታወት፣ የስልክ መብራትና ጉንጭን ወደ ጎን ስቦ የሚይዝ የታጠበ ጣት ይበቃሉ።

በመጀመሪያ ይቁጠሩ። ሁለቱ የፊት ጥርሶች ከሚገናኙበት የመሃል መስመር ተነስተው ወደ ኋላ ሲሄዱ አንደኛውና ሁለተኛው ስለታም መቁረጫ ጥርሶች፣ ሦስተኛው ሾጣጣው ክራንቻ፣ አራተኛውና አምስተኛው ትናንሽ መንጋጋዎች፣ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ደግሞ ትላልቅ መንጋጋዎች ናቸው። ከላይና ከታች፣ በቀኝና በግራ ስምንት ስምንት ሲሆኑ ድምራቸው 32 ይሆናል። ስምንተኛው ቢጠፋ አያስደንግጥዎ፤ አጥንት ውስጥ ተጋድሞ ሊቀር ወይም ከነጭራሹ ላይፈጠር ይችላል። የልጅ የወተት ጥርሶች ግን 20 ብቻ ናቸው። በ6 ዓመት ገደማ ከመጨረሻው የወተት ጥርስ ኋላ፣ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ብቅ የሚለው መንጋጋ ቋሚ ጥርስ ነው። ወላጆች የወተት ጥርስ እየመሰላቸው «ይወልቅ የለ» ብለው ችላ ስለሚሉት፣ በእኔ አስተያየት በልጆች አፍ ውስጥ የዚህን ያህል የሚበደል ጥርስ የለም።

ቀጥሎ መብራቱን በክራንቻው ላይ ያብሩ። ጫፉ ነጣ ያለ፣ ወደ አንገቱ፣ ማለትም ከድዱ ጋር ወደሚገናኝበት ክፍል፣ ሲቃረብ ግን ቢጫ እየሆነ የሚሄድ ሆኖ ያዩታል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሆነው ኢናሜል በመንጋጋ ጥርሶች ጉብታዎች ላይ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ሲኖረው፣ ወደ አንገት ሲቃረብ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል፤ ብርሃንም ስለሚያሳልፍ ከበታቹ ያለው ቢጫማ የጥርስ ክፍል፣ ዴንቲን፣ ይታያል። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን የሆነው ኢናሜል ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ ጠንካራው ቢሆንም፣ ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለው አንዴ ከተሸረፈ መልሶ አይበቅልም፤ ቢጫውን አነጣለሁ ብሎ አንገቱን በኃይል መፈግፈግም ጉዳቱ ያመዝናል። ዴንቲን በበኩሉ ፈሳሽ የያዙ እጅግ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉት። ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ያ ፈሳሽ ይንቀሳቀስና በጥርሱ እምብርት ባለው ፐልፕ ውስጥ የሚገኙትን ነርቮች ይቀሰቅሳል፤ «ጥርሴን ጠዘጠዘኝ» የምንለው ስሜት መነሻው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

አሁን ወደ ድዱ ይምጡ፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቦታ ይህ ነው። የታችኛውን ከንፈር ወደ ውጭ ጎትተው ቀስ እያሉ ያንቀሳቅሱት። ከከንፈሩ ጋር የሚንቀሳቀስ፣ ቀላ ያለና ደም ሥሮቹ የሚታዩ ስስ ሽፋን አለ፤ ከእሱ በላይ ወደ ጥርሱ በኩል ደግሞ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀና የማይንቀሳቀስ ድድ አለ። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር በግልጽ ይታያል። በላንቃ በኩል ግን ሁሉም የተጣበቀ ስለሆነ ይህን መስመር አይፈልጉት። ጤናማ ድድ ሁልጊዜ ሮዝ ነው የሚባለው ልክ አይደለም፤ በብዙ ሰዎች ላይ በተፈጥሮ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነው። ከቀለሙ ይልቅ ጠርዙን ይመርምሩ፦ በጥርሶቹ መካከል ሾጠጥ ብሎ የሚገባ፣ ያላበጠና በብሩሽ ሲነካ የማይደማ መሆን አለበት። በጠርዙና በጥርሱ መካከል ጤነኛ ሲሆን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ የድድ በሽታም የሚጀምረው እዚያ ከሚጠራቀመው የባክቴሪያ ሽፋን ነው።

የማይታየውን ክፍል ለማወቅ አንዲት የፀጉር ዘለላ በፊት ጥርሶችዎ መካከል አድርገው በቀስታ ይንከሷት። ያን ያህል የቀጠነ ነገር የሚታወቅዎት ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ የተጣበቀ ስላልሆነ ነው። ሥሩን በስሱ ከሸፈነው ሲሚንተም ተነስተው ወደ አጥንቱ የሚዘልቁ የጅማት ክሮች ጥርሱን አንጠልጥለው ይዘውታል፤ ስፋታቸው 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም የንክሻን ኃይል ያበርዳሉ፤ በውስጣቸው ያሉት ነርቮችም እያንዳንዱን ጫና ይለካሉ። በዚህ ምክንያት ጥርስ በጣት ሲገፋ የማይታይ ያህል መነቃነቁ ጤናማ ነው፤ ዐይን የሚያየው መነቃነቅ ግን ጅማቱ ወይም አጥንቱ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል።

በመጨረሻ «ረዘመ» የሚመስል ጥርስ ካለ ይፈልጉ። ሙሉ በሙሉ የበቀለ የአዋቂ ጥርስ እንደ ልጅነቱ አያድግም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ድዱ ሸሽቶ ሥሩ መገለጡ ነው። በጥፍር ቀስ ብለው ከአክሊሉ ወደ ሥሩ ሲያልፉ ትንሽ እርከን ይሰማዎት ይሆናል፤ ኢናሜሉ የሚያበቃው እዚያ ነው። ከሥር ያለው አጥንት ያለ ሕመም ሊመናመን ስለሚችልና መስታወትም ስለማያሳየው፣ ጥርሱ ከመሃል መስመር ስንተኛ እንደሆነና በየትኛው ወገን እንዳለ ጽፈው ይያዙ፤ የስንጥቁን ጥልቀት በመለኪያ መሣሪያ፣ የአጥንቱን ከፍታ ደግሞ በራጅ የሚያረጋግጠው የጥርስ ሐኪም ነው።